የአውራ ጎዳናውን አባቴን የሕይወት ታሪክ ስንጽፍ

አገራችን ውስጥ ሰው ሲያርፍ የሕይወት ታሪኩን ለማዘጋጀት ያለው ጊዜ ብዙ ጊዜ አንድ ሌሊት ነው። በዚያች ሌሊት ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይመጣል፣ ውጭ አገር ላሉት ይደወላል፣ የመቃብር ቦታ ይጠየቃል። በዚህ መሃል "ጽሑፍ ይችላል" የተባለ አንድ የአጎት ልጅ ጓዳ ይቀመጥና የሟቹን ዲፕሎማና የሥራ ልምድ ወረቀት ከሰነድ መያዣው አውጥቶ መጻፍ ይጀምራል። በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን የሚነበበውን ሁላችንም ሰምተነዋል። ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ፤ በልዩ ልዩ የኃላፊነት ቦታዎች በቅንነትና በታማኝነት አገለገሉ፤ የልጆች አባትና የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ሁሉም እውነት ነው። ሰውየው ግን የለበትም። ስሙ ቢለወጥ ለጎረቤቱም ሊነበብ ይችላል።

አባቴ የመንገድ መሐንዲስ ነበር። በ1964 ዓ.ም. አውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ከዚያው ጡረታ ወጣ፤ በ2016 ዓ.ም. በ76 ዓመቱ አረፈ። ሕመሙ ረዘም ያለ ስለነበረ አጠገቡ ለመቀመጥ ጊዜ አገኘን፤ እሱም ማውራት ወደደ። ካረፈ በኋላ ደግሞ ለቅሶ የመጡት ሰዎች እኛ ልጆቹ ከቶ ያልሰማነውን ነገሩን። ከሁለቱ ተነሥተን የጻፍነው ታሪክ አባታችንን ይመስላል። እንዴት እንደሰበሰብነው የምጽፈው፣ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ከአምስት ኪሎ ተመርቀው መንገዱን፣ ግድቡን፣ የስልክና የውኃ መስመሩን የዘረጉት ሰዎች አሁን በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ዕድሜ ስላሉ ነው። ከእነርሱ አንዱ ወይም አንዷ ቤታችሁ ውስጥ ካሉ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

መጀመሪያ ተቃውሞ የሚያጋጥማችሁ ከሽማግሌው ሳይሆን ከቤተሰቡ ነው። በቁሙ ላለ ሰው፣ ያውም ለታመመ፣ የሕይወት ታሪክ መጻፍ ሟርት ይባላል። እማዬ እስክሪብቶና ደብተር ይዤ ስታየኝ ፊቷ ተለወጠ። እውነቷን ነው፤ ቃሉ ራሱ ከቀብር ጋር ተያይዟል። እኛ "የሕይወት ታሪክ" ማለቱን ተውነውና "ለልጅ ልጆች የሚሆን ማስታወሻ" አልነው። ነገሩም በእርግጥ እንደዚያ ነበር፤ አሜሪካ የተወለዱት የወንድሜ ልጆች አያታቸውን የሚያውቁት በስልክ መስኮት ብቻ ነው። አባቴ ግን ይህን ሁሉ ማለዘቢያ አልፈለገውም። "መንገድ ሠርተን ስናስረክብ በመጨረሻ የምናስረክበው ንድፍ አለ" አለኝ። "መጀመሪያ የታሰበውን ሳይሆን በእርግጥ የተሠራውን የሚያሳይ። ቱቦው የት እንደተቀበረ፣ ድንጋይ አስቸግሮን መሥመሩ የት እንደታጠፈ። ያ ከሌለ በኋላ የሚጠግነው ሰው በከንቱ ይቆፍራል። እንግዲህ ጻፊ።" እማዬም ከዚያ በኋላ አልተቃወመችም፤ እንዲያውም ዋናዋ አራሚ እሷ ሆነች።

የልደት ዘመኑ ብቻ ብዙ አደከመን። በሥራ ማኅደሩ ላይ አንድ ዓመት፣ በቀበሌ መታወቂያው ሌላ፣ በፓስፖርቱ ሦስተኛ ተጽፏል። የዚያ ትውልድ ሰው ሁሉ ወረቀት እንዲህ ነው። ገጠር የተወለደ ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት አልነበረውም፤ ትምህርት ቤት ሲገባ መምህሩ ገምተው ይሞላሉ፤ ዩኒቨርሲቲው በፈረንጅ አቆጣጠር ይመዘግባል፤ ከዚያ አንድ ጸሐፊ ወደ እኛ ሲመልሰው ሰባት ይቀንስ ወይ ስምንት፣ እንደ ወሩ ይለያያል። እኛን ያወጡን አክስቴ ናቸው። "ዓመቱን አላውቅም ልጄ" አሉኝ፤ "አጎታችን ከቃኘው ጋር ኮርያ ሲሄድ ግን አባትሽ ሦስት ዓመት ሞልቶት ነበር፤ አጎቴ ተሸክሞ ሲስመው አለቀሰ።" የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ የተነሣው በ1943 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ 1940። አባቴ ደግሞ የታኅሣሡ ግርግር ሲሰማ፣ ማለት በ1953 ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ ስምንተኛ ክፍል እንደነበረ ያስታውሳል። ሁለቱ ይገጥማሉ። ዓመት ለማያስታውሱ ሽማግሌዎች ዓመት አትጥሩባቸው። ጦርነት፣ ግርግር፣ የአንበጣ ወይም የረኃብ ዘመን፣ የመብራት ወይም የመኪና መጀመሪያ መምጣት ጥሩላቸው፤ ቀሪውን እናንተ ትቆጥራላችሁ።

ወደ ሥራው ስንመጣ "ሥራህ እንዴት ነበር?" የሚለው ጥያቄ ምንም አላመጣም። "ምን ይነገራል፣ ሥራ ነው" ይለን ነበር። የከፈተው ካርታ ነው። የመንገድ ካርታ ገዝቼ አልጋው ላይ ዘረጋሁለት። መነጽሩን አደረገና ጣቱን ከጎሐ ጽዮን ጀምሮ ወደ ደጀን አወረደው። አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነችውን የአባይ በረሃ መንገድ መታጠፊያ በመታጠፊያ ያውቃታል፤ አፈሩ የት እንደሚንሸራተት፣ አስፋልቱ በየክረምቱ የት እንደሚሰምጥ። በልጅነቱ ከጎጃም ወጥቶ ወደ አዲስ አበባ ለትምህርት የመጣው በዚያው በድሮው ድልድይ በኩል ነው። በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የአባይ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ሲከፈት እሱ ጡረታ የወጣበት ዓመት ነበር። ሄዶ አይቶታል። ከዚያ ጉዞ የነገረን ስለ ቁመናው አይደለም፤ የዝናቡ ውኃ ከድልድዩ ላይ በየት በኩል እንደሚወርድ ነው።

እንግዲህ ካርታ፣ ንድፍ፣ ፎቶ ግራፍ፣ አንድ የሥራ ዕቃ፣ ከእነዚህ አንዱን ፊታቸው አስቀምጡ። እጃቸው ሲሠራ አፋቸው ይከተላል። ስልካችሁን መቅጃ ላይ አድርጋችሁ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ፈቃዳቸውን ከጠየቃችሁ በኋላ። አንዱ ቆይታችሁ ከአንድ ሰዓት አይብለጥ። አባቴ ከምሳ በፊት ይናገራል፤ ከሰዓት ይደክመዋል፤ ስለዚህ የእኛ ሰዓት ጠዋት ሆነ።

ጣቱ ብዙ የቆየው በወልዲያና በወረታ መካከል ነው። ጃንሆይ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተደረገው ስምምነት የተጀመረ፣ በደርግ ዘመን የተሠራ መንገድ ነው፤ አካባቢው እስካሁን "የቻይና መንገድ" ይለዋል። ከወልዲያ ተነሥቶ ዳገቱን ይወጣና በጋሸና፣ በነፋስ መውጫ፣ በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ ይወርዳል። አባቴ ወጣት መሐንዲስ ሆኖ ከመንግሥት በኩል ተመድቦ ከቻይናዎቹ ጋር ሠራ። አስተርጓሚው በሌለበት ሰዓት መሬት ላይ በዱላ እየሳሉ ይግባቡ እንደነበር፣ የቻይና መሐንዲሶች እንደ ቀን ሠራተኛው ድንጋይ ይሸከሙ እንደነበር፣ ጋሸና ላይ ጠዋት ጠዋት የውኃው ባልዲ በውርጭ ይጋገር እንደነበር ነገረን። የአጥር ግንብ የሚመስል የድንጋይ ሥራ በእጅ እንዴት እንደሚገጠም ያየሁት እዚያ ነው ይል ነበር።

እዚያ ያጋጠመው አንድ ነገር የኋላ ሥራውን ሁሉ ለወጠው። ቱቦ የሚቀበርበትን ቦታ በቅየሳው መሠረት ምልክት አድርገው ሳለ አንድ የአካባቢው ገበሬ፣ ሽማግሌ ሰው፣ መጥተው ቆሙ። "ውኃው በዚህ አይመጣም" አሉ። ትንሽ ራቅ ወዳለ ሜዳ ወሰዱትና አንድ ቋጥኝ ላይ ያለውን የጭቃ መሥመር አሳዩት፤ ከስንት ዓመት በፊት የወረደ ጎርፍ የተወው ነው። ሜዳው ደረቅ ነበር፤ በንድፉ ላይም ምንም አልነበረም። አባቴ አለቆቹን አሳምኖ አንድ ተጨማሪ ቱቦ እዚያ አስገባ። በክረምቱ ውኃው ሽማግሌው ባሉት መጣ። ከዚያ ወዲያ በሠራበት ቦታ ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው የአገሩን ሽማግሌ ነበር፤ "ትልቁ ውኃ የት ደረሰ?" ብሎ ይጠይቅና የሰውየውን ስም ከከፍታው ቁጥር ጎን ይጽፈዋል። መንገድ የሚያፈርሰው መኪና ሳይሆን ውኃ ነው፤ ይህን እኛ ልጆቹ ፊደል ሳንቆጥር ነው የሰማነው። ዘጠና ሳንቲ ሜትር ስፋት የሌለው ቱቦ መንገድ ሥር እንዲቀበር አይወድም ነበር፤ ጠባቡ ቱቦ በደለል ሲደፈን ሰው ገብቶ ሊጠርገው አይችልም፤ ያልተጠረገ ቱቦ ደግሞ ከሌለ አንድ ነው። ስለ ዋልካ አፈር ከጠየቃችሁትማ ምሳ ያልፋችኋል። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ላዩ ላይ የተሠራውን ሁሉ ይዞ ይነሣል፤ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ አውጥቶ መጣልና ሌላ አፈር መሙላት ነው።

ይህን ሁሉ ዝርዝር ለምን ትጽፊያለሽ የሚል ሰው ይኖራል። እኔ ግን አባቴን ያገኘሁት እዚህ ውስጥ ነው። "ሕዝብን የሚያከብር ሰው ነበር" ብዬ ብጽፍ ማን ያምነኛል? የገበሬውን ስም ከጎርፉ ከፍታ ጎን የጻፈ መሐንዲስ ነበር ስል ግን ታዩታላችሁ።

በ1977 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ነበርን። ድርቁ ወሎን የመታበት ዓመት ነው። የርዳታ እህሉ አሰብ ወደብ ይራገፍና በሚሌና በባቲ አድርጎ ወደ ኮምቦልቻ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ደሴና ወደ ሰሜን። ያን ሁሉ ከባድ መኪና ሌት ተቀን የተሸከመው ያ መንገድ ነው። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ የማስታውሰው የመኪኖቹን ድምፅና እማዬ በር ላይ የምታስቀምጠውን ቆሎና ውኃ ነው። አባቴን ስለዚያ ዓመት ስጠይቀው የነገረኝ ከልክ በላይ የተጫነ መኪና አስፋልቱን እንዴት እንደሚያደቅቀው፣ ጠጠር እንደጠፋ፣ ነዳጅ በወረቀት እንደሚሰጥ ነበር። ስለ ሰዎቹ ሲደርስ ዝም ይላል። አንድ ቀን ብቻ እንዲህ አለ፦ ወደ ገጠር የሚያስገቡ መንገዶች በምግብ ለሥራ ሲሠሩ የአንድ ሰው የቀን ድርሻ ሦስት ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር፤ ለመሥራት ጉልበት የሌለው ሰው አካፋ ይዞ ተሰልፎ ሲያይ ታይም ኪፐሩን "ስሙን ጻፍና አስቀምጠው" ይለው ነበር። ይህንንም የነገረኝ የእህሉን ሒሳብ ሲያስረዳኝ ነው።

ከዚያ ያለፈውን የሰማነው ከሌላ ሰው ነው፤ እዚህ ላይ ነው የለቅሶው ነገር የሚመጣው። በእኛ አገር ሰው ሲሞት በሕይወት ዘመኑ ያወቁት ሰዎች ሁሉ፣ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላም ቢሆን፣ ተጠራርተው ደጃችሁ ይመጣሉ። እንዲህ ያለ ጉባኤ ዳግመኛ አታገኙም። ሐዘን ላይ ስለሆናችሁ እናንተ ራሳችሁ አትችሉትም፤ አንድ የምታምኑትን የቅርብ ዘመድ አስቀድማችሁ መድቡ። የእኛ የአክስቴ ልጅ ነበረች። ድንኳኑ ጥግ ላይ ደብተር ይዛ ተቀመጠች፤ የሥራ ባልደረባ ሲመጣ እማዬን ካጽናና በኋላ ቡና ይዛለት ትሄዳለች። የምትጠይቀው ጥቂት ነው፦ የት አብራችሁ ሠራችሁ? በስንት ዓመተ ምሕረት? ምን እየተሠራ ነበር? እዚያ የሆነ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ስልክ ቁጥርም ትቀበላለች። ዋናው መጨረሻዋ ጥያቄ ናት። "ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?" ካላችሁ "እጅግ ደግ" ይላችኋል፤ "የሆነ አንድ ነገር" ካላችሁ ታሪክ ይነግራችኋል። የመሥሪያ ቤት ሰዎች በብዛት የመጡት ለሠልስት ነው፤ የጡረተኞቹ ደግሞ ዜናው ዘግይቶ ስለሚደርሳቸው እስከ አርባው ድረስ ይመጡ ነበር፤ ስለዚህ ደብተሩን ቶሎ አትሰብስቡት።

በሠልስቱ አንድ የቀድሞ የዶዘር ኦፕሬተር መጡ። ዓለም ገና በሚገኘው የአውራ ጎዳና ማሠልጠኛ የሠለጠኑ፣ አሁን ዓይናቸው የደከመ አዛውንት ናቸው፤ የልጃቸው ልጅ እጃቸውን ይዞ ነው ያመጣቸው። እንዲህ ብለው ተናገሩ፦ "በዚያ በችግሩ ዓመት ክረምት ከባቲ በላይ ዳገቱ ተናደና መንገዱ ተዘጋ። እህል የጫነው መኪና ከታች ተሰልፏል። ሌሊት ነው፣ ጭጋግ ነው፣ የዶዘሬ አንድ መብራት ብቻ ነው የሚሠራው። ገደሉ አይታየኝም። አልሠራም አልኩ። ኢንጂነሩ ፋኖስ ይዘው ገደሉ ጠርዝ ላይ ሄደው ቆሙ። 'እኔን እያየህ ና፤ እኔ የቆምኩበት መሬት ነው' አሉኝ። እኔ በገፋሁ ቁጥር እሳቸው እየተራመዱ፣ እየተራመዱ፣ እንዲሁ ነጋልን። ቢሰምጥ መጀመሪያ የሚወርዱት እሳቸው ነበሩ።" እማዬ ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ከባሏ አንድም ቀን አልሰማችውም።

በኋላ የአባቴን የመስክ ደብተሮች ስንፈትሽ ያን ሌሊት አገኘነው። ኦፕሬተሩ ሐምሌ ብለው ነበር፤ ደብተሩ ነሐሴ ይላል። የጻፈው ዶዘሩ የሠራበትን ሰዓት፣ የነዳጁን ሊትርና "መንገድ ተከፈተ" የሚል ብቻ ነው። ፋኖስ የለም፣ ገደል የለም። በጽሑፋችን ቀኑን ከደብተሩ፣ ታሪኩን ከኦፕሬተሩ ወሰድን፤ "አብረዋቸው የሠሩ ኦፕሬተር እንደመሰከሩት" ብለንም ለየነው። ይህን ማድረግ ይጠቅማል። የሰው ትዝታ ወርና ዓመት ያዛውራል፤ ወረቀት ደግሞ ፍርሃትንና ድፍረትን አይመዘግብም። ሁለቱ ሲለያዩ አንዱን አትሠርዙ፤ ማን ምን እንዳለ ጻፉ።

ስለ ቤተሰብ ሰውነቱ እውነቱን ለመጻፍ ከሁሉ የበለጠ የረዳችን እማዬ ናት። መምህርት ነበረች። የመንገድ ሰው ሚስት መሆን ማለት ወር ሙሉ ብቻዋን ቤት ማስተዳደር ማለት ነው። አባቴ በካምፕ ሆኖ ደመወዙንና ደብዳቤውን በጥገና መኪና ሾፌሮች ይልካል፤ ሾፌሮቹ አንዳንዴ ጤፍ፣ አንዳንዴ ማር ጨምረው ያመጣሉ። ታናሽ ወንድሜ ሲወለድ እሱ በረሃ ነበር። የመጀመሪያውን ረቂቅ ሳነብላት "ለቤተሰባቸው መልካም አባት ነበሩ" የሚለው ላይ አስቆመችኝ። "መልካም አባት ነበር። ግን እሱ መንገድ ሲሠራ ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ይጻፍልኝ" አለች። አባቴ አልጋው ላይ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። "ጻፊው፤ በዚሁ ቃል" አለኝ። እንዳለችው ተጽፎ እንዳለችው ተነበበ። በቀብሩ ላይ ከተነበበው ሁሉ ሰው ያነሣው ይህን ዐረፍተ ነገር ነው፤ በተለይ የባልደረቦቹ ሚስቶች እየመጡ እማዬን ያቀፏት ስለዚህ ነበር።

ሲመጣ ግን ሙሉ በሙሉ ይመጣ ነበር። የቤት ሥራችንን መልሱን አያይም፤ "አስረጂኝ" ይላል፣ የማያውቅ መስሎ። ለሴቶቹም ለወንዶቹም እኩል። ክረምት ላይ እኔን ላንድሮቨር ላይ ጭኖ ሥራ ቦታ ይወስደኛል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ ስንጓዝ ጣሊያን የቆፈረው የጣርማ በር ዋሻ ጋ መኪናውን ያቆምና ውኃው ከግድግዳው እንዴት እንደሚወጣ ያሳየናል። የካምፕ ልማዱ እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም፤ አልጋውን ራሱ ያነጥፋል፣ ሸሚዙን ራሱ ያጥባል፣ ሌሊት 11 ሰዓት ይነሣል። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራሙ ሲጀመር ወጣት መሐንዲሶች በብዛት ተቀጠሩ፤ እሁድ ቀን ንድፍ ተሸክመው እኛ ቤት ይመጡ ነበር። እማዬ ሽሮ ትሠራለች፤ እሱ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ንድፋቸው ላይ የመጀመሪያውን ክብ የሚያደርገው ሁልጊዜ ውኃ መውረጃው ላይ ነው። ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ዛሬ ትልልቅ ኃላፊዎች ናቸው፤ ሬሳውን የተሸከሙት እነርሱ ናቸው።

ጡረታ ከወጣ በኋላ የእድራችን ጸሐፊ ሆነ። የሰፈሩ ሰው መሐንዲስነቱን ያወቀው በክረምት ነው፤ ዝናብ ሲጀምር አካፋ ይዞ ወጥቶ የተደፈነውን ቦይ ይከፍታል። የሰፈራችን የድንጋይ ንጣፍ ሲሠራ ወጣቶቹ ሠራተኞች መጀመሪያ ተቆጥተውት ነበር፤ አንድ አዛውንት መጥተው ስለ ተዳፋት ሲነግሯቸው። በኋላ ራሳቸው ጠሩት።

አሁን ስለ ጽሑፉ። ሁለት አድርጉት። በቀብሩ ላይ የሚነበበው አንድ ገጽ ተኩል አይለፍ፤ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሟል፣ ካህናቱም ሥርዓት አላቸው። እሱ ውስጥ የትውልድና የትምህርት ዘመኑን ባጭሩ አልፋችሁ ሁለት ወይም ሦስት የሆኑ ነገሮች አስገቡ፤ እኛ የሽማግሌውን ቋጥኝና የእማዬን ቃል አስገባን። የሚያነበው የሟቹ ልጅ አይሁን፤ ድምፁ ይቆረጣል። ለእኛ ያነበበልን ከእነዚያ የእሁድ ልጆች አንዱ ነው። ረጅሙ ደግሞ ለአርባው ወይም ለሙት ዓመቱ ይድረስ፤ በለቅሶው የተሰበሰበው የሚገባው እዚያ ነው።

አባቴ ረቂቁን ራሱ አንብቦታል፤ ከተቻለ ይህን አድርጉ። "በቅንነትና በታማኝነት" የሚለውን ሠረዘው። "ይህን መንገድ ሠሩ" የሚለውንም ሠረዘው፤ "መንገድ አንድ ሰው አይሠራም" ብሎ። በቦታው የቀያሾችን፣ የፎርማኖችን፣ የሾፌሮችን ስም ዝርዝር አጻፈኝ፤ ያረፉትን ለይቶ። ኅዳር ላይ የአንድ ፎርማን ስም መዘንጋቱ ትዝ ብሎት ሌሊት ቀስቅሶኛል።

ወረቀቱን በጊዜ ሰብስቡ። የመስክ ደብተር፣ የምደባ ደብዳቤ፣ የካምፕ ፎቶ ግራፍ፣ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎቱን ዓመት የሚያሳይ ወረቀት፤ እነዚህ ከለቅሶ በኋላ ቤት ሲጸዳ የሚጣሉ ናቸው። እርሳስ የደበዘዘበትን ገጽ በቀን ብርሃን፣ ጥላ ሳይወድቅበት በስልክ አንሡ። ፎቶውን ባለቤቱ እያለ አሳዩትና ከግራ ወደ ቀኝ ማን እንደቆመ በጀርባው በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ያልፋል። ውጭ አገር ላሉ ልጆች ስትልኩ ሁለቱንም ዘመን አቆጣጠር አስገቡ። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ የእንግሊዝኛውን ሲያዘጋጅ 1977 የሚለውን እንዳለ ጽፎት ነበር፤ ልጆቹ ረኃቡን ከሚያውቁት 1984 እና 85 ጋር ሊያገናኙት አልቻሉም።

ሙያው ከመንገድ ሌላ ከሆነ ጥያቄው ይለወጣል እንጂ መንገዱ አንድ ነው። የመብራት ኃይል ሰው ከሆኑ "ቆቃ ሠርተዋል?" ከማለት ግድቡ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ተርባይኑን ያስነሣው ማን እንደነበረ፣ ወይም በመልካ ዋከና ከሩሲያኖቹ ጋር በምን ቋንቋ እንደተግባቡ ጠይቋቸው። አገሩ ሁሉ የጨለመበትን ሌሊት፣ በፈረቃው ላይ ማን እንደነበረና መጀመሪያ የት እንደተደወለ ጠይቁ። የስልክ ሰው ከሆኑ የትኛው ከተማ መጀመሪያ ሲደወል ማን እንዳነሣው፣ የውኃ ሰው ከሆኑ ተቆፍሮ ያልወጣው ጉድጓድ የት እንደሆነ። የፈረሰ ሥራቸውንም ጠይቁ፤ አባቴ ስለቆሙት ድልድዮች ካወራው ይልቅ ጎርፍ ስለወሰደው አንዱ የነገረኝ ይበልጣል። ግራ ከገባችሁ ደግሞ ከአብረዋቸው ከሠሩት የአንዱን ሾፌር ወይም የአንዱን ቀያሽ ስም ጠይቃችሁ ጀምሩ፤ ስሙን ካስታወሱ የት እንደነበሩና ምን ይሠሩ እንደነበር ራሳቸው ይቀጥሉላችኋል።